ከማሽኑ ሥር የታጠፈው ብርድ ልብስ

እትዬ ገነቴ ሆሳዕና ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት በታይፕ ጸሐፊነት ሠርተዋል። ሁለት ልማድ ነበራቸው። ከታይፑ ሥር አራት ጊዜ የታጠፈ የሱፍ ብርድ ልብስ ያነጥፋሉ፤ አለዚያ ድምፁ ከጣውላው ግድግዳ ማዶ ያለውን ኃላፊ ይረብሸዋል። ሥራ ሲያበቃ ደግሞ በእጃቸው የሠሩትን ዳንቴል ሳያለብሱት ከቢሮ አይወጡም። ያላለቀ ጽሑፍ ካለ ወረቀቱን ከማሽኑ ሳያወጡ ይሸፍኑትና ጠዋት ካቆሙበት ቃል ይቀጥላሉ። ጡረታ ሲወጡ ታይፑ ለመሥሪያ ቤቱ ቀረ። ብርድ ልብሱንና ዳንቴሉን ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ባለቤታቸው መምህር ዕንባቆም አምስተኛ ክፍል አስተምረውኛል። ጊምቢቹ፣ ቀጥሎ ሀቢቾ፣ በመጨረሻ ሆሳዕና፣ ዕድሜያቸውን በጠመኔ የጨረሱ ሰው ነበሩ። ስኳር ዓይናቸውን ከወሰደባቸው በኋላ ቀኑን በረንዳ ላይ ተቀምጠው የሚያልፈውን ሰው በኮቴው ይለዩ ነበር። በ2004 ዓ.ም. ኩላሊታቸው መድከም ሲጀምር፣ ያስተማሩባቸውን ቦታዎች ታሪክ ሳይሞቱ ማስጻፍ እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። እሳቸው ሊናገሩ፣ እትዬ ገነቴ ሊጽፉ ነው።

ላፕቶፑን ከአዲስ አበባ ገዝቼ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ገና ከካርቶኑ ያልወጣ አዲስ ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቁጭ ብዬ አከፋፈቱን፣ አጻጻፉን፣ የተጻፈውን ማስቀመጡን አሳየኋቸው። ከሥሩ ስላሉት የአየር ቀዳዳዎች አንድም ቃል አልተናገርኩም።

ለፋሲካ ስመጣ ሠላሳ ስምንት ገጽ ደርሰው ነበር። በፍላሽ ገልብጬ ወሰድኩት። ሁሉም ስለ ጊምቢቹ ነው፤ ገበሬው እንጨት ተሸክሞ ስለሠራው ክፍል፣ ዛፍ ሥር ስለተጀመረው ትምህርት። የሚቀጥለው ሀቢቾ ነበር።

ሀቢቾ ላይ ልጅ ሞታባቸዋለች። ቤተልሔም ትባላለች፤ ሰባት ዓመቷ ነበር። ወባ ጠንቶባት በቃሬዛ ወደ ሆሳዕና ሲያመጧት ወንዝ ሞልቶ አገታቸው። መምህር መሻገሪያ ፍለጋ ሽቅብ ወንዙን ተከትለው ሄዱ። ሲመለሱ አልፋለች። ከዚያ በፊት ባልና ሚስቱ “የቤቲ አባት”፣ “የቤቲ እናት” ነበር የሚባባሉት። ከዚያ በኋላ “መምህር” እና “ገነቴ” ሆኑ። እዚያ ቤት ስገባ ስወጣ ነው ያደግኩት፤ የልጅቷን ስም ከሁለቱ አፍ ሰምቼ አላውቅም። የነገረችኝ እናቴ ናት።

ሐምሌ ላይ እትዬ ገነቴ ደወሉልኝ። መምህር የሀቢቾውን ጀመሩ አሉኝ። በአማርኛ ሞክረው አልወጣ ሲላቸው ወደ ሀዲይኛ ዞረዋል። እትዬ ገነቴ አንጋጫ ተወልደው ያደጉ ከምባታ ቢሆኑም የባላቸውን ቋንቋ አሳምረው ይሰማሉ፤ እየሰሙ በአማርኛ ይጽፋሉ። ይህን ከነገሩኝ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

“ልጄ፣ ይሄ ማሽን እንደ ወፍጮ ይጮኻል። ይግላልም። መምህር ድምፁ እየበጠበጠው ንግግሩን ያቆማል። ይህን ነገር ካቆመ ደግሞ ተመልሶ አይጀምረውም። ምን ላድርግ?”

ስብሰባ ልገባ በር ላይ ነበርኩ። አዲስ ስለሆነ ነው፣ ይለምዳል አልኳቸው። ምን ላይ እንደተቀመጠ እንኳ አልጠየቅኩም።

እሳቸውም የሚያውቁትን አደረጉ። የድሮውን ብርድ ልብስ ከሳጥን አውጥተው አራት ጊዜ አጠፉና ከላፕቶፑ ሥር አነጠፉት። ድምፁ ታፈነ። መምህር ተናገሩ። በማግስቱ ማሽኑ ከበፊቱ ብሶ ሲጮኽ አንድ እጥፍ ጨመሩበት። ሦስት ቀን እንዲህ ተጻፈ። መምህር ደክሟቸው ሲተኙ፣ እትዬ ገነቴ ገጹን ክፍት እንደሆነ፣ ማሽኑን ሳያጠፉ፣ ክዳኑን ብቻ ገጥመው ዳንቴሉን ያለብሱታል። በሦስተኛው ቀን መምህር ወንዙ ዳር ደርሰው ታሪኩን ጨረሱ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ዳንቴሉን ሲያነሱት የተቃጠለ ላስቲክ ሸተታቸው። ብርድ ልብሱ ካውያ እንዳለፈበት ልብስ ይሞቅ ነበር። ማሽኑ አልበራም።

በሳምንቱ መጥቼ አብረን ወልደኪዳን ዘንድ ወሰድነው፤ መናኸሪያው አጠገብ ኮምፒውተር የሚጠግን ጨዋ ሰው ነው። ሥሩን ፈትቶ ከማራገቢያው ላይ በወረንጦ ቡናማ የሱፍ ድብልብል አወጣ። ምን ላይ እንደምናስቀምጠው ጠየቀ። እትዬ ገነቴ ብርድ ልብሱን ነገሩት፤ ዳንቴሉንም ሳይደብቁ ነገሩት።

“እናቴ፣ የሚጮኸው እኮ ሲግል ራሱን ለማብረድ ነው” አለ። “ሥሩ ሲዘጋ...” አልጨረሰውም። ሌላ ጊዜ በአራቱ ማዕዘን አራት የለስላሳ ቆርኪ ቢደረግለት አየር እንደሚያገኝ ብቻ ጨመረ።

እትዬ ገነቴ የሱፉን ድብልብል ከጠረጴዛው ላይ አንስተው በመዳፋቸው ያዙት።

“እኔ ነኝ ያፈንኩት?” አሉ።

ወልደኪዳን ሃርድ ዲስኩን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሞከረው፤ አልተነበበም። አዲስ አበባ ወስጄ ሁለት ቦታ አሳየሁት፤ ያው ነው። ሠላሳ ስምንቱ ገጽ እኔ ዘንድ አለ። ሀቢቾ የለም።

ለመምህር እንዳልነግራቸው እትዬ ገነቴ ለመኑኝ። እነግራቸዋለሁ ብዬ ሳይሆን ይጠይቁኛል ብዬ እፈራ ነበር፤ አልጠየቁኝም። መስከረም መጨረሻ ላይ ልጠይቃቸው ስሄድ ከአልጋ መነሳት አቅቷቸዋል። ጠዋት ነበር፣ ፀሐይ እግራቸው ላይ አርፋለች። ጥቂት አወጋንና ወደ ሚስታቸው ዞሩ።

“ገነቴ፣ የሀቢቾውን እስኪ አንብቢልኝ።”

እትዬ ገነቴ አዩኝ። ከዚያ ተነስተው የሞተውን ላፕቶፕ አመጡ። ከአልጋው አጠገብ ባለችው ጠረጴዛ ላይ አራት የሚሪንዳ ቆርኪ ደርድረው እሱ ላይ አስቀመጡት። ክዳኑን ከፈቱ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ በጥቁሩ መስታወት ላይ ማንበብ ጀመሩ።

ሥራ ላይ ሳሉ ከጻፉት ደብዳቤ አንዱን እንኳ አላስታውስም ይሉ ነበር፤ ቃሉ በጣቴ ያልፋል እንጂ ጭንቅላቴ አይገባም ይሉ ነበር። ያን ቀን ግን ሳይደናቀፉ ነው የሄዱት። ትምህርት ቤቱን፣ ዝናቡን፣ ትኩሳቱን፣ ቃሬዛውን የያዙትን አራት ጎረምሶች። መምህር መሻገሪያ ፍለጋ እስከሄዱበት ድረስ አነበቡና ትንፋሽ ወሰዱ። እዚያ ማቆም ነበረባቸው። አላቆሙም።

“እናቷ ቢጫ ሹራቧን ወንዙ ውስጥ ነክራ ግንባሯ ላይ አደረገችላት” አሉ። “ልጅቷም አባቴ የት ሄደ አለች። መንገድ ሊያመጣልሽ ሄደ አለቻት።”

እኔ ወለሉን አያለሁ።

“ይሄን እኔ አላስጻፍኩም” አሉ መምህር ቀስ ብለው። “እኔ እዚያ አልነበርኩም።”

እትዬ ገነቴ መነጽራቸውን አወለቁ።

“ማሽኑም ዛሬ አይጮኽም” አሉ መምህር። እጃቸውን በብርድ ልብሳቸው ላይ እየዳሰሱ ወደ ሚስታቸው ሰደዱ፤ እትዬ ገነቴም ያዙት። “የቤቲ እናት፣ ቀጥዪ። ከዚያስ ምን አለች?”

ተነስቼ ወጣሁ። በረንዳው ላይ ቆሜ የእትዬ ገነቴን ድምፅ እሰማ ነበር፤ ቃሉን ለመለየት አልሞከርኩም። በሀዲይኛ ነበር የሚናገሩት።

መምህር ዕንባቆም ጥቅምት ላይ አረፉ። ሠላሳ ስምንቱን ገጽ አሳትሜ፣ አስጠርዤ ለእትዬ ገነቴ ሰጠኋቸው። የሀቢቾውን ቢነግሩኝ እኔ ልጽፈው እንደምችል አንድ ጊዜ ብቻ ነግሬያቸው ነበር።

“ተነቧል ልጄ” አሉኝ።

ላፕቶፑ ዛሬም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው። አቧራ ጠጥቷል። ዳንቴል አላለበሱትም፤ አራቱ ቆርኪ ግን ከሥሩ አልተነሳም።