ከግብጦው ጋር የተዘፈዘፈው አደንጓሬ

ነገሩ የሆነው በሃምሳዎቹ መጨረሻ፣ ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ጠፈፍ ባለበት ሰሞን ነው። ዛሬም አደንጓሬ ሲቀቀል ከሸተተኝ ከወጥ ቤት እወጣለሁ።

ያኔ ዳንግላ፣ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ የጓሮ አትክልት ትርኢት ተዘጋጀ። ጥቅል ጎመን፣ ካሮትና ቀይ ሥር ተደርድሮ ይታያል፤ ከዛፉ ጥላ ሥር ደግሞ ጓሮ ላላቸው ሴቶች ትምህርት ይሰጣል። እኔ ትልቅ ሴት ሆኜ ከሕፃናት ጋር አራተኛ ክፍል እማር ነበር። የምኖረው አክስቴ እትዬ የሺ ዘንድ ስለነበር አብረን ሄድን።

አስተማሪው ቀላ ያለ የአደንጓሬ ዘር አደለን። "ነቀዝ እንዳይነካው መድኃኒት ተቀብቷል። መርዝ ነው፤ ይዘራል እንጂ አይበላም" አለ።

"ግብጦስ መርዝ አይደል?" አለች ከኋላ አንዲት ሴት። "ወንዝ እያጠበልን ስንበላው ኖርን።"

ሴቶቹ ሳቁ። አስተማሪውም አብሮ ሳቀና ወደ ጎመኑ ችግኝ አለፈ።

እኛ አገር ግብጦ ተቀቅሎ፣ በጆንያ ተቋጥሮ፣ ምሬቱ እስኪለቅ ወንዝ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ወንዝ የማያጠራው ነገር አለ ቢባል የሚያምን የለም።

ሰነባብቶ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤቱ በሰው ተሞልቷል። የእትዬ የሺ የማኅበር ተራ ነው። መሐል ላይ የስንዴ ንፍሮ በሰፌድ ቀርቧል። ስንዴው ውስጥ ቀለሙ የነጣ አደንጓሬ አየሁ።

"እትዬ፣ ይህን ከየት አመጡት?"

"ያው የትርኢቱ ነዋ። ከግብጦው ጋር ወንዝ ከትቼው፣ እንኳን ቀለሙ ልጣጩም ለቋል። ቁጭ ብለሽ ብዪ።"

አጠገባቸው የነፍስ አባታችን እፍኝ ዘግነው ይዘዋል። "አባ፣ ይተዉት፤ መርዝ አለበት" አልኳቸው።

"ተማሪ ቤት ገብታ እህል መፍራት ለመደች" አሉ እትዬ የሺ። ሰዉ ሳቀ። ከዛፉ ሥር የሰማሁት ሳቅ ነበር።

ሰፌዱን አንስቼ ደጅ ወጣሁና አፈሩ ላይ ደፋሁት።

ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም። በማኅበር ቀን፣ በእንግዳ ፊት እህል መድፋት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። አባ እፍኛቸውን ቀስ ብለው መደቡ ላይ አራገፉና ባርከው ወጡ። ሌላውም ተከተላቸው።

ቀድመው የቀመሱ ሁለት ሴቶች ነበሩ። አልታመሙም። ስለዚህ ምስክር የለኝም።

እትዬ የሺ እስኪሞቱ ድረስ ለማኅበራቸው ንፍሮ ሲቀርብ "እሷን ራቅ አድርጓት፣ ትደፋባችኋለች" ይሉ ነበር። እንደ ቀልድ ነው የሚሉት፤ ፊታቸው ግን አይስቅም።

እንዲያምኑኝ ከዚያ ሁሉ ሰው አንዱ መታመም ነበረበት። ማንም ባለመታመሙ ተመስገን እላለሁ። ተመስገን ባልኩ ቁጥር ግን የአባ እፍኝ ይታየኛል። ቢበሉት ምን ይሆኑ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።