ድንጋይ ያስለቀምኩበት ማሳ

ድንጋይ ለማስለቀም አሥራ ሁለት ሺህ ብር፣ ያንኑ ድንጋይ ለማስመለስ አሥራ ስምንት ሺህ። ሠላሳ ሺህ ብር አውጥቶ ድንጋይ ያመላለሰ ነጋዴ ሰቆጣ ውስጥ ከእኔ ሌላ ካለ፣ እስካሁን ደፍሮ አልነገረኝም።

እህል ነጋዴ ነኝ። በእኔ ሥራ ድንጋይ ማለት ምስር ውስጥ ተደባልቆ በኪሎ የሚሸጥልኝ ሌብነት ነው። ስለዚህ ከከተማ ወጣ ባለች አጥቢያ ማረስ ያቃታቸው አንድ አዛውንት መሬታቸውን በእኩል፣ ምርቱን ለሁለት ልንካፈል፣ እንዳሠራው ሲሰጡኝ፣ መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ድንጋዩ ላይ ነበር። ድንጋይ የተዘራበት ማሳ ነው የሚመስለው። እርሳቸው አምደወርቅ ከተማ ያለችውን ልጃቸውን ሊጠይቁ በሄዱበት ሰሞን የቀን ሠራተኞች አስገብቼ አንድም ሳላስቀር አስለቀምኩና ከማሳው ግርጌ አስከመርኩት። ምርቃት ጠብቄ ነበር።

"ድንጋዬስ?" አሉ እንደተመለሱ።

"አስለቀምኩልዎት፣ አያ።"

"ማን ልቀም አለህ? እኔ ሱቅህ መጥቼ ጣሪያህን ባነሳልህ ትመርቀኛለህ?"

ክምሩ ላይ ቁጭ ብለው የማሳውን ታሪክ ዘረገፉልኝ። በአያታቸው ጊዜ አፈሩ ጥቁርና ጥልቅ ነበር፤ ባቄላ ይዘሩበት ነበር። ጥቁሩን ጎርፍ እየጠረገ ተከዜ ሲከተው፣ በአባታቸው ጊዜ ስንዴ ሆነ፤ ስንዴውም እያጠረ ሲመጣ ገብስ። አሁን የቀረው ስስ ቀይ አፈር ነው፤ እሱንም ቢሆን ከፀሐይ የሚከልለው፣ ጎርፉንም የሚገታለት ድንጋዩ ነው።

"ዘንድሮ ገብሱ እንቢ ካለ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ቤቴን ዘግቼ ልጄ ቤት ጥገኛ ልሆን ነው።"

እውነት ለመናገር አላመንኳቸውም። ያሳመነኝ የሰኔ የመጀመሪያው ዝናብ ነው፤ ማሳችን ቀይ ወጥ ሆኖ መንገድ ላይ ፈሰሰ። ሦስት ቀን ፀሐይ ከወጣ በኋላ አዛውንቱ ጎረቤት ማሳ ወሰዱኝና አንድ ድንጋይ ገልብጠው እጄን ከሥሩ አስገቡት። እርጥብ ነው። የእኛ ማሳ ግን ተሰነጣጥቋል።

ሠራተኞቹን መልሼ ጠራሁ።

"ጋሼ፣ ያኔ ቁልቁለት ነበር፤ አሁን ዳገት ነው፣ ሂሳቡም አብሮ ይወጣል" አለኝ አለቃቸው። "ለሳቃችን ግን አናስከፍልም።"

አዛውንቱ በምርኩዛቸው እየጠቆሙ አሠሯቸው። "እሷን ወደዚያ! ኧረ እዚያ አይደለም፣ የእሷ ቦታ ከላይ ነው!" አንዱን ድንጋይ ሦስት ጊዜ ሲያዞሩት አይቻለሁ። እኔም ወገቤ እስኪቆረጥ ተሸከምኩ። ሐምሌ ሳይጋመስ ማሳው እንደ ጥንቱ አስቀያሚ ሆነ፤ ገብሱን ዘራን።

ዝናቡ ነሐሴ ሳያልቅ ተቆረጠ። ገብሱ ግን ድንጋዩ ሥር በተረፈችው እርጥበት ፍሬ ያዘ። ኅዳር ላይ ስምንት ኩንታል ወቃን። አራቱን ኩንታል በአዛውንቱ ጎተራ ውስጥ ገለበጥን፤ እርሳቸውም አምደወርቅ ላለችው ልጃቸው "ለገና አንቺው ነይ" ብለው ላኩባት።

የእኔን አራት ኩንታል በሃያ ስድስት ሺህ ብር ሸጥኩ። ዘርና የበሬ ኪራይ ሲጨመር ወጪዬ ሠላሳ አምስት ሺህ ነው። ኪሳራ ዘጠኝ ሺህ ብር።