ከግሬናዳ የደረሱ ፖስታዎች

ባዶ ፖስታ እሰበስባለሁ። ሰው ሲጠይቀኝ እንዲህ ብዬ ነው የማልፈው። እውነቱን ለመናገር ፖስታም አይደለም፤ በዚያ ዘመን ፖስታ የሚሉት ነገር ብዙ አልነበረም። ወረቀቱ ራሱ ይታጠፍና በሰም ይታሸጋል፣ አድራሻው ላዩ ላይ ይጻፋል፣ መርከብ ላይ ይጫናል። ቴምብር ገና አልመጣም። ሰብሳቢዎቹ ከቨር ይሉታል። የኔ ሁሉ ግሬናዳ ከምትባል፣ ያኔ እንግሊዞች ይገዟት ከነበረች የካሪቢያን ደሴት የወጣ ነው። ደሴቲቱን በካርታ ካልሆነ አላየኋትም። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ አልቋል፤ የፈረንጅ እጅ ጽሑፍ ማንበብ አልችልም። ማኅተም ግን እለያለሁ።

የጀመርኩት ወንዱ ልጄ በጠፋ ሰሞን ነው። እኔና ታናሽ እህቱ በዲቪ አሜሪካ ስንመጣ እሱ ዕድሜው አልፎ ስለነበር ከእህቴ ጋር ቀረ። ጎጃም፣ አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ሞባይል ይጠግናል። ከዚያ እዚያ ውጊያ ገባ፤ መንገድ ተዘጋ፤ ስልክ ተቋረጠ። አንዳንዴ ኔትወርኩ ይከፈትና የሌላው ሰው ልጅ ይደውላል፤ የኔ አይደውልም። እህቴ “ወደ ገጠር ወጣ ሲሉ ሰምቻለሁ” አለችኝ። ከዚያ በኋላ የሷም ስልክ አልሠራም። በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም። የማውቀው ይኸው ነው።

መጀመሪያ አለቅስ ነበር። በኋላ ቆመ። ጥርስ ሊነቀል ሲል መርፌ እንደወጉት ድድ ሆንኩ፤ በምላሴ ስነካው የኔ መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን አይሰማኝም። ሥራ እሄዳለሁ፣ እበላለሁ፣ ሰው ሲስቅ እስቃለሁ።

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ሥራዬ አሌክሳንድሪያ፣ ላንድማርክ አካባቢ። ሆም ኬር ነኝ፤ አቅመ ደካማ በየቤቱ እየሄድኩ እረዳለሁ። የማያቸው ሽማግሌ ግሬናዳ ተወልደው በልጅነታቸው ወደዚህ የመጡ ናቸው። ሚስታቸው ሞተዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል፤ አልበማቸው ግን ሙሉ መደርደሪያ ይዟል። ምሳቸውን አብልቼ ሳበቃ “አሁን እጅሽን ታጠቢ” ይሉኛል።

“ምግብ ስሠራልዎ ታጥቤያለሁ እኮ።”

“እሱ ለሆዴ ነው። ለወረቀቴ ደግሞ ታጠቢና በደንብ አድርቂ። ቅባትም እንዳትቀቢ፣ አሸትሻለሁ።”

ከዚያ መብራቱ ሥር እቀመጣለሁ። አንዱን ከቨር ከላስቲኩ በሁለት ጣት አወጣለሁ፣ በማጉያ መነጽር ማኅተሙን አያለሁ፣ ያየሁትን ፊደልና ቀን አንድ በአንድ እጠራላቸዋለሁ። ክብ ነው፤ ከታች አበባ የመሰለ ትንሽ ጌጥ አለበት። ሲነሣ የተመታው አንዱ ነው፤ ገልብጬ ሲደርስ የተመታውን ሌላውን እፈልጋለሁ። በሁለቱ መካከል ያለው ባሕር ላይ የቆየበት ጊዜ ነው። ከአንድ ወር በላይ ሆኖ ሲወጣ “ነፋስ ጠፍቷቸው ነው” ይላሉ፣ አብረው በመርከቡ የነበሩ ይመስል። እኔ ስጠራ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ።

አንድ ቀን ውስጡ ምን እንደሚል ጠየቅኳቸው።

“የስኳር ወሬ ነው። ይህን ያህል በርሜል ተጫነ፣ ዝናብ ዘገየ። እንደ ስኳሩ የሚሸጡ የሚለወጡ ባሪያዎችም አሉበት። የኔ ቅድመ አያቶች እዚያ ውስጥ በስም የሉም፤ በቁጥር ነው ያሉት።”

“ታዲያ ለምን ይሰበስቡታል?”

“ከዚያ የወጣ ሌላ ነገር የለኛ!” አሉና ሳቁ። ሳቃቸው ሳል ሆነ፤ ውኃ ሰጠኋቸው።

“ሳይደርስ የቀረስ አለዎት?” አልኳቸው።

“ያልደረሰ አይሰበሰብም። ከመርከቡ ጋር ሰጥሟል።”

ያን ጊዜ መደርደሪያውን ቀና ብዬ አየሁት። ያ ሁሉ የደረሰ ነው። ብዙ አላሰብኩበትም። በወሩ እሳቸውን ይዤ ሰብሳቢዎች የሚገናኙበት ሆቴል አዳራሽ ስሄድ ግን ከአንዱ ሻጭ ሣጥን ውስጥ ለራሴ አንድ ገዛሁ። ጠርዙ የተቀደደ፣ ሰው የማይፈልገው ነበር። ማኅተሞቹ ሁለቱም አሉበት።

ሽማግሌው ጋ ዙሪያውን ጥቁር የተቀለመ ፖስታም አለ፤ እሱ ኋላ፣ ፖስታ ከመጣ በኋላ ያለ ነው።

“ጥቁሩ ሰው ሞተ ማለት ነው” አሉኝ።

“ሳይከፈት ይታወቃል?”

“ሳይከፈት።”

“ማን ነው የሚያደርሰው?”

“ፖስተኛው ነዋ።”

“ብቻውን?”

“ስንት ፖስተኛ ይምጣልሽ?”

የኛን ነገርኳቸው። መርዶ በኛ እንዲህ አይነገርም። ዘመድ፣ ጎረቤት፣ የነፍስ አባት ይጠራራሉ፤ ሰውየው ሥራ ሳይወጣ ማልደው ይመጣሉ፤ የሚይዘው ሰው ከጎኑ ሳይቆም አፍ አይከፈትም። እዚህም አገር እንደዚያው ነው። ታኮማ ፓርክ የምትኖር አንዲት የማኅበራችን ሴት፣ ጫማዋን እያሠረች ነው የተንኳኳባት። ሰዎቹ ሞልተው እስኪመጡ ፓርኪንግ ውስጥ መኪና ላይ ተቀምጠው ሲጠባበቁ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ የማየው ፓርኪንጉን ነው፤ ነጠላ የለበሰ ሰው እንዳለ።

“ያንቺ ይሻላል አልልም፣ የኔም ይሻላል አልልም” አሉ ሽማግሌው። “ጥቁሩ ግን አይደብቅም።”

በዐቢይ ጾም ውስጥ አንድ ቅዳሜ ነው። ሥራ የለኝም። ማልጄ ተነሥቼ ከቨሮቼን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቻለሁ፤ ላስቲካቸውን ልቀይር ነው። ፓርኪንጉን ሳላይ ረሳሁ። በሩ ተንኳኳ፤ ቀስ ብሎ፣ በጨዋ ደንብ። በበሩ ቀዳዳ አየሁ። ሦስት ወንዶች፣ ነጠላ አጣፍተው። መካከል ላይ የእድራችን ሰብሳቢ። በኛ ሰፈር መርዶ ሲኖር ፊት የሚቆሙት እሳቸው ናቸው።

አልከፈትኩም። በሩን ተደግፌ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። እንባ አልመጣም። ምንጣፉ ላይ የደረቀ ሩዝ ወድቆ አየሁ። ካልከፈትኩ አልሞተም ብዬ አሰብኩ፤ ትክክለኛ ነገር ነበር የመሰለኝ።

ልጄ ከመኝታ ቤቷ ወጣች። ለብሳለች፤ ፀጉሯን አሳምራለች። በዚያ ሰዓት ለምን እንደለበሰች እንኳ አልጠየቅኩም።

“ማም፣ ዋይ አር ዩ ኦን ዘ ፍሎር? በር እየተንኳኳ ነው እኮ።”

“አትክፈቺ።”

“ማም ፕሊስ፣ እንግዶች ናቸው።”

“ምን እንደሆኑ አውቃለሁ። አትክፈቺ አልኩሽ።”

በእጄ እየጎተትኳት ከበሩ ወደ ጎን ገፋ አድርጋኝ ከፈተች። ሰዎቹ ገቡና ግድግዳውን ይዘው ተደርድረው ቆሙ። ከወለሉ ተነሣሁ። ተቀመጡ አላልኩም።

“ቤቶች፣ እንደምን አደራችሁ” አሉ ሰብሳቢው።

“የት ነው የሞተው?” አልኳቸው።

ሰብሳቢው ጓደኞቻቸውን ዞር ብለው አዩ። “ማን?”

“ልጄ ነዋ። ተናገሩና ልረፍ።”

ከሦስቱ አንዱ ሥጋ ቤት ያላቸው ወፍራም ሰውዬ ናቸው፤ እሳቸው ቀድመው ጮኹ። “ኧረ በሥላሴ! ምን ይላሉ እኚህ ሴትዮ! እኛ የመጣነው ልጅ ልንለምን ነው! ለጋብቻ!”

“ደውለን እንምጣ ብዬ ነበር” አለ ሦስተኛው፣ ወደ መሬት እያየ።

“ሽምግልና በአፖይንትመንት አይሆንም” አሉ ሰብሳቢው፤ ግን ድምፃቸው ወርዶ ነበር።

ልጄ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ታለቅሳለች። እንደሚመጡ ታውቅ ኖሯል፤ አትናገሪ ተብላለች። የሚያገባትን ልጅ አውቀዋለሁ። በየሳምንቱ ቤቴ የሚበላ፣ ሳህኑን አጥቦ የሚሄድ ደህና ልጅ ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስታውን ጠበቅኩት፤ አልመጣም። “ተቀመጡ” አልኩ ብቻ።

ባለ ሥጋ ቤቱ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጠው ወደ ከቨሩ እጃቸውን ሰደዱ።

“እጅዎን ይታጠቡ!” አልኩ።

“በሽማግሌ ይጮሃል እንዴ? ጾም ነው፣ ሥጋ አልቆረጥኩም!” ሦስተኛው ሳቀ። ልጄም በእንባዋ መካከል ሳቀች።

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውጥተው እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው አጎንብሰው አዩት። “ደብዳቤው የታል?”

“አንዳንዱ አለው፤ አላነበውም።”

“ታዲያ ምን ያደርግልሻል?”

“ደርሷል” አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። ከልጁ አባት የተላኩበትን በወጉ ተናገሩ፤ ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ነው የታሰበው አሉ። ሰርግ ሲሉ ነው ነገሩ የገባኝ። በኛ ድግስ እያለ መርዶ አይነገርም። ሙሽራ እስክትወጣ፣ መልሱም እስኪያልፍ ሰው ሁሉ አፉን ይይዛል፤ አብሮሽ ይጨፍራል፣ ሐዘኑን በሆዱ ይዞ። ይህች ልጅ ከዛሬ ጀምሮ ታጨች ማለት፣ ከዛሬ ጀምሮ ማንም እውነቱን አይነግረኝም ማለት ነው። ዝም ሲሉኝ ሳይሰሙ ይሁን ሰምተው አላውቅም።

“አንድ ነገር ልጠይቅዎ” አልኳቸው ሰብሳቢውን። “ስለ ልጄ የሰሙት አለ?”

“ማርያምን አልሰማሁም።”

“ቢሰሙስ ዛሬ ይነግሩኝ ነበር?”

ባለ ሥጋ ቤቱ በክርናቸው ጎሸም አደረጓቸው። ሰብሳቢው ግን ዋሽተው አላለፉትም። “አልነግርሽም ነበር” አሉ። “ሰርጉ እስኪያልፍ።”

“እንግዲያው ልጄን አልሰጥም።”

“ማም!”

“ጥሎሽ አልፈልግም፣ ወርቅ አልፈልግም። የሰማችሁ ዕለት ትነግሩኛላችሁ። የሰርጉ ጠዋትም ቢሆን።”

“ይሄማ ግፍ ነው” አሉ ባለ ሥጋ ቤቱ። “ሙሽራዋ ከል ለብሳ ልትወጣ ነው?”

“ለሙሽራዋም ወንድሟ ነው።”

ልጄ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ከኔ ጋር በእንግሊዝኛ ነው የምታወራው፤ ያን ቀን ግን በአማርኛ፣ ቀስ ብላ፣ “እኔም ልወቅ” አለች።

“ቃል ብገባልሽ ታምኚኛለሽ?” አሉኝ ሰብሳቢው። “ስልኬ ዝም ባለ ቁጥር ትጠረጥሪኛለሽ።”

“እጠረጥራለሁ።”

“ስለዚህ ዝም አልልም። ቅዳሜ ቅዳሜ እደውልልሻለሁ። ከሰማሁ ሰምቻለሁ፣ ካልሰማሁ አልሰማሁም እላለሁ። ሰርግ ይሁን ፋሲካ።” ከአንገታቸው መስቀላቸውን አውጥተው ሳሙት። ሌሎቹ ሁለቱም ተነሥተው ቆሙ። ልጄን ሰጠሁ።

ይደውላሉ። እስካሁን አንድም ቅዳሜ አልዘለሉም። ያለፈው ቅዳሜ የደወሉት ሽማግሌውን ይዤ አሌክሳንድሪያ ሆቴሉ አዳራሽ ውስጥ ሳለሁ ነው። እሳቸው ከጓደኞቻቸው ጋር ይከራከራሉ፤ እኔ አንድ ሣጥን ፊት ቆሜ ከቨር እገላብጣለሁ።

“አልሰማሁም” አሉኝ።

“እግዜር ይስጥልኝ።”

“ልጅቷ ቀሚስ መረጠች?”

“መርጣለች። ነጭ ነው።”

“ደግ። ጉልበቴን ሲጠዘጥዘኝ ነው ያደረው፣ ዝናብ ሊመጣ ነው መሰለኝ።” ስለ ጉልበታቸው ነገሩኝ፣ ሐኪሙ ስላዘዘው ክኒን ነገሩኝ፣ ክኒኑ ሆዳቸውን እንዳቃጠለው ነገሩኝ። ሁሉንም ሰማኋቸው። ስልኩን ስዘጋ እጄ ውስጥ የያዝኩት ከቨር ውኃ የነካው፣ ቀለሙ የፈሰሰ ነበር። ሻጩ “ትወስጂዋለሽ?” አለኝ። ጀርባው ላይ ሲደርስ የሚመታው ማኅተም ይኑር አይኑር ገና አላየሁም። “ቆይ” አልኩትና ወደ መብራቱ አዞርኩት።