የእናቴ ቀሪ ደቂቃ

እናቴ ማንበብ አትችልም። ስለዚህ ገበያ በወጣች ቁጥር ቀየት፣ እኔ ወደማስተምርበት፣ ጎራ ትልና ስልኳን ከጨርቅ ፈትታ «ስንት ቀረኝ? እስቲ እዪልኝ» ትለኛለች። ደሞዝ ሲገባ ከሁሉ በፊት የማደርገው ለሷ የመቶ ደቂቃ ስጦታ መላክ ነው። ላኪዋም እኔ፣ ቀሪውን የማነብላትም እኔ።

አንድ ቀን እንደ ወትሮው ቀሪውን ነግሬያት ብመልስላት ምን ነበረበት? የደወለችባቸውን ቁጥሮች ከፈትኩ። የታናሽ እህቴ ቁጥር፣ ሃያ ደቂቃ። ከሥሩ እሷው፣ አሥራ ስምንት። ከሥሩም እሷው። ለኔ አንድ ጊዜ ብቻ፤ እሱም «ገበያ እወጣለሁ፣ ቤት ቆዪኝ» ለማለት። በኔው ስጦታ!

እህቴ ከጓሳ ሜዳ ማዶ፣ ራቤል ሄዳ ነው ያገባችው። በዚያ ሰሞን የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ አራስ ነበረች። እናቴ በጎቿን የምትተውለት ሰው ስላጣች ያረሷት አማቷ ናቸው። ይሁን፣ አራስ ይጠየቃል፣ አልጠፋኝም። ግን እናቴ ከቤቷ በላይ ያለው ጉብታ ላይ ካልወጣች ኔትዎርክ አይገኝም። በዚያ ውርጭ ለሷ ሲሆን ሃያ ደቂቃ ትቆማለች። ለኔስ መቼ ቆመችልኝ? ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ፤ የሚጠየቅ ነገር የላትም ተብዬ ነው መቼም።

«እና ስንት ቀረኝ?» አለች።

አርባ ሁለት ደቂቃ ይላል።

«አልቋል» አልኳት። ከአፌ ሲወጣ ራሴም ደነገጥኩ፤ ግን አልመለስኩትም።

«ውይ! ይሄ ደቂቃ እንደ ጓሳ ሣር ተዘግቶ ቆይቶ፣ ሲቸግር ብቻ ቢከፈት ምናለበት?» ብላ ሳቀች፤ የጓሳን ሣር አገሩ ለዓመታት ከልሎ አቆይቶ በክፉ ቀን ብቻ ነው የሚያጭደው። ሌላ ላኪልኝ አላለችም። እናቴ ልጅ ከመለመን ሞቷን ትመርጣለች።

በሚቀጥለው ገበያ አልመጣችም። ብደውል ስልኳ አይሠራም። እሰይ፣ ለእህቴም አልደወለችላትም ማለት ነው አልኩ። ምን ልዋሽ፣ ደስ ብሎኛል።

ከገበያው ሦስት ቀን ቆይቶ ከትምህርት ቤት ስመለስ ደጃፌ ላይ ተቀምጣለች። ጫማዋን አውልቃ እግሯን ታሻለች፤ ተረከዟ ተሰነጣጥቆ ደም አውጥቷል። በጎቹን ጎረቤት ለምና አደራ ሰጥታ፣ ጓሳን በእግሯ አቋርጣ፣ ራቤል ደርሳ መምጣቷ ነው።

«ድምፄ ሲጠፋባት እህትሽ ትሰጋለች ብዬ ነዋ» አለችኝ። «ሕፃኑ ጡት እምቢ ብሏት አልነበር? ስደውልላት ታለቅሳለች፣ አይዞሽ እያልኩ እንዲህ አድርጊው እላታለሁ። አሁን ተመስገን፣ ይዞላታል።»

«ታዲያ ለኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ጠየቅሽኝ?»

እውነቷን ነው፣ አልጠየቅኩም። ውሃ አሙቄ በሳፋ አቀረብኩና አንዱን እግሯን አጠብኩላት፤ ሌላውን ሳፋው ውስጥ ነክራዋለች። ነገሩን ልነግራት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ እሷ ቀደመችኝ። ከመቀነቷ ያልተፋቀ የስልክ ካርድ ፈትታ «እንኪ» አለችኝ።

«ምንድን ነው?»

«የእህትሽ ነው። ስጦታሽ ቶሎ አለቀ ብላት፣ ‹ደሞዟ አልበቃ ብሏት ይሆናል፣ እሷ እንደሆነች ችግሯን አትናገርም› አለች። ለአራስ ጥየቃ ከሰጧት ገንዘብ ላይ ገዝታ ላከችልሽ። ቅር እንዳይልሽ ብላ እኔው የገዛሁት አስመስዬ ልሰጥሽ ነበር የተባባልነው፤ ምን ላድርግ፣ አፌ አያርፍም።»

እጄን በቀሚሴ ጠርጌ ካርዱን ፋቅኩት፣ ሞላሁት፣ ለእህቴ ደወልኩ። ምን ልላት እንደሆነ አላሰብኩበትም።

«ደረሰች? እግሯስ?» አለች ገና ከማንሳቷ።

«ደርሳለች» አልኩ። እናቴ አጠገቤ ሆና ትሰማለች። «ደቂቃው አላለቀም ነበር» አልኩ። «አርባ ሁለት ነበራት። አልቋል ያልኳት እኔ ነኝ። ላንቺ እንዳትደውል ብዬ ነው።»

እናቴ ያልታጠበውን እግሯን ከሳፋው አወጣችና ጫማዋን መፈለግ ጀመረች።