ጨው ጨው የሚለው የተሰማ ጉድጓድ

ዛሬ የወዳጄ ጉድጓድ ውኃ ጨው እንዲሆን ስለት ተሳልኩ። እውነቴን ነው።

ተሰማ እዚህ ጅቡቲ አብሮኝ ባቡሩ ላይ የሚሠራ ያገሬ ልጅ ነው። አገር ቤት ስንዝር ርስት የለውም። ከጅቡቲ ወጣ ብሎ አምቡሊ ላይ መሬት ገዛና ዛሬ ወስዶ አሳየኝ።

ርስት ይወረሳል እንጂ ይገዛል እንዴ? እሱ ግን በሰው አገር፣ ደረቱን ነፍቶ፣ "ርስቴ" ይለዋል!

የቤቱ መሠረት ወጥቷል። ቲማቲሙ አፍርቷል። ፍየሎቹ ሳይቀሩ ወልደዋል። እኔ እዚህ አገር ያለኝ አረንጓዴ ነገር የኪራይ ቤቴ በር ቀለም ብቻ ነው።

አንድ ተስፋ ነበረችኝ። እዚህ ጉድጓድ ሲቆፈር ብዙ ጊዜ የሚወጣው ጨዋማ ውኃ ነው። የተሰማ ሚስት አስካለ በጣሳ ቀድታ ስትሰጠኝ፣ በልቤ ለገብርኤል ጧፍ ተስዬ ቀመስኩት።

እንደ ምንጭ ውኃ ይጣፍጣል!

"እንዴት ነው?" አለ ተሰማ።

"ትንሽ ጨው ጨው ይላል" አልኩና ጣሳውን ጨለጥኩት። እጄም ሳያማክረኝ ባዶውን ጣሳ ለአስካለ ዘረጋላት።

"ውይ ጋሼ፣ ጨው ከሆነ ምነው ድገሚኝ አሉ?"

እናንተዬ፣ በወዳጃችሁ ጉድጓድ ጨው የተመኛችሁ የለም? ኧረ ብቻዬን አታስቀሩኝ!