ለወንድሜ ዋስ ልሆን የሄድኩ ዕለት

ታላቅ ወንድሜ ዴንቨር አጠገብ፣ ሃቫና ስትሪት የሚባል መንገድ ላይ ትንሽ ጋራዥ ነበራቸው። አሳድገው ያስተማሩኝ፣ ወደ ኮሎራዶም ያመጡኝ እሳቸው ናቸው። ሃምሳውን አልፈው ወገባቸውን ማመም ሲጀምራቸው፣ ለጡረታ ያስቀመጡት አንዳች ነገር እንደሌለ አወቅኩ። እንቅልፍ አጣሁ።

እኔ ዴንቨር ውስጥ የሆቴል ጽዳት ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ለጡረታ ከደመወዜ የሚቆረጠው ገንዘብ ኮሌክቲቭ ኢንቨስትመንት ትረስት የሚሉት ውስጥ ይገባል። የብዙ መሥሪያ ቤቶች የጡረታ ገንዘብ አንድ ላይ ተደባልቆ የሚሠራበት ነው፤ የሚያስከፍለውም ጥቂት ነው። እኔ ትልቅ ዕቁብ መሰለኝ። ዕቁብ ከሆነ ደግሞ አዲስ ሰው የሚገባው በዋስ ነው። ስለዚህ ወንድሜን ሱፍ አስለብሼ ወደ ሆቴሉ የሠራተኛ አስተዳደር ቢሮ፣ ኤች አር ወደሚሉት፣ ይዣቸው ሄድኩ።

«ወንድሜ ናቸው። ዋሳቸው እኔ ነኝ» አልኳት ኃላፊዋን፣ ባለኝ እንግሊዝኛ።

ሴትዮዋ ደግ ነበረች፤ አልሳቀችብኝም። ትረስቱ ለግለሰብ እንደማይሸጥ፣ ሕጉ የሚፈቅደው ለመሥሪያ ቤት የጡረታ ፕላን ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ። እኔ ራሴ ሥራ ብለቅ ወደ ግል የጡረታ ሒሳቤ የምወስደው ገንዘቡን እንጂ ትረስቱን አይደለም። ቁጣዬ ቅርብ ነውና ደሜ ፈላ። የወንድሜን ስም የማይቀበል ምን ዓይነት ማኅበር ነው ብዬ ልጀምር ስል፣ ወንድሜ ክንዴን ያዝ አድርገው ሴትዮዋን አመስግነው ወጡ።

በኮልፋክስ ጎዳና ወደ ጋራዡ ነዳን። ሃቫና ጋ ስንታጠፍ፣

«ለመሥሪያ ቤት ነው ያለችው፣ አይደል?» አሉኝ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ የኔ ጋራዥ የዶሮ ቤት ነው?»

ከዚያ ወዲያ ሒሳብ ሠራተኛቸው ጋ ተመላለሱ። የጡረታ ፕላን ከሚያቋቁሙት አንዱ ኩባንያ ትንሽ ናችሁ አላቸው፤ ሌላው ስልክም አላነሳ። በመጨረሻ ለጋራዡ የጡረታ ፕላን የሚያቋቁም፣ ያንኑ የመሰለ ትረስትም ከምርጫዎቹ መካከል ያለው ተገኘ። ፕላኑ ግን ሠራተኞቹንም ማቀፍ ነበረበት። አንድ ወዳጃቸው «ምን አደከመህ? ለራስህ ብቻ የሚሆን ነገር ፈልግ» ቢላቸው፣ «ብሎኑን አብረን እየፈታን ጡረታውን ለብቻዬ?» አሉት። ያን ጊዜ ኮራሁባቸው። አሁንም እኮራባቸዋለሁ።

ፕላኑ የጸደቀ ሰሞን ሦስቱን መካኒኮች ሰብስበው ሲያስረዱ እኔም ነበርኩ። በቅርቡ ከአገር ቤት የመጣው መካኒክ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሲያዳምጥ ቆየና ፊቱ ጠቆረ።

«ጋሼ፣ እኔ እዚህ ሰው አላውቅም። ዋስ ማንን ልጥራ?»

ወንድሜ ወደ እኔ ዞረው ፈገግ አሉ። ከዚያ እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣል አደረጉ።

«ዋስ አያስፈልግም። እዚህ መሥራትህ ይበቃል።»