ማዘርቦርዱና ኮንጎ ጫማዬ

የልጅ ልጄ ጌም የሚያጫውት ኮምፒውተር በርካሽ ራሴ እገጣጥማለሁ ብላ ዕቃ ስትሰበስብ ከረመች። የቀራትን ፕሮሰሰርና እሱ የሚሰካበትን ማዘርቦርድ አሶሳ ካለ አንድ ሱቅ ገዛንላት። ቤት ወስዳ ስትከፍተው ፕሮሰሰሩ ከሥሩ እንደ መርፌ የቀጠኑ እግሮች አሉት፤ ማዘርቦርዱ ላይ ግን እግሮቹ የሚገቡበት ቀዳዳ የለም። ልጅቷ ተንሰቅስቃ አለቀሰች።

የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ቢሆንም እግርና ቀዳዳ አይጠፋኝም። ይዣት ወደ ሱቁ ተመለስኩ።

“የተከፈተ ዕቃ አንቀይርም፣ እማማ” አለ ባለሱቁ። “ደግሞ ትንሽ ጫን ቢያደርጉት ይገባል።”

“ይገባል?” አንዱን ኮንጎ ጫማዬን አውልቄ ፊቱ አስቀመጥኩለት። “በል እግርህን አስገባ።”

“ኧረ እማማ፣ እኔ እኮ አርባ አራት ቁጥር ነው የማደርገው!”

“ትንሽ ጫን አድርገዋ!”

ሱቁ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ “ጫን! ጫን!” እያለ አጨበጨበለት። እልህ ይዞት ሲገፋ ጫማዬ ከጎኑ ቷ ብሎ ተቀደደ። ያኔ እሱም ሳቁ አመለጠውና ቀዳዳ ያለውን ማዘርቦርድ አውርዶ ቀየረልን።

“ጫማዎንም ልግዛልዎት” አለኝ። እምቢ አልኩ። አስገባ ብዬ ያዘዝኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የእኔ ነው።

ባጃጅ እስክናገኝ እግሬን እየጎተትኩ ሄድኩ። ልጅቷ ማዘርቦርዷን አቅፋ በሳቅ ትፈርሳለች።